ሳታዝዙ የታደሰ የቤት ኢንሹራንስ፦ የተቆረጠባችሁን ገንዘብ እንዴት ታስመልሳላችሁ?

ስልክ ላይ አጭር መልእክት ይገባል። ከሂሳባችሁ ይህን ያህል ሺህ ብር ወጥቷል ይላል። እናንተ ያዘዛችሁት ክፍያ የለም። ጎንደር ፒያሳ ወርዳችሁ ባንኩን ስትጠይቁ «የቤቱ ኢንሹራንስ ታድሶ ነው» ትባላላችሁ። ማን አድሱ አለ? «ሲስተሙ ነው ያደሰው።»

ሲስተም ብቻውን ውል አያድስም። ከኋላው የሆነ ሰው የፈረመው ወረቀት አለ። ወይም ሊኖር ሲገባው የሌለ ወረቀት አለ። ሥራችሁ ያንን ማግኘት ነው።

እኛ አካባቢ የቤት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከባንክ ብድር ጋር ነው። ባንኩ ቤቱን በመያዣነት ሲይዝ ቢያንስ ከእሳት አደጋ ዋስትና እንዲገባለት ይጠይቃል። ፖሊሲው (የኢንሹራንሱ ውል ሰነድ) በባለቤቱ ስም ይወጣል፤ አደጋ ቢደርስ ግን ካሳው በቅድሚያ ለባንኩ እንዲከፈል ይጻፍበታል። ዘመኑ አንድ ዓመት ነው። ባለቤቱ በጊዜው ካላደሰ ባንኩ አድሶ ገንዘቡን ከሂሳቡ ይቆርጣል። ይህ በራሱ ሕገወጥ አይደለም። ጥያቄው ፈቃድ ሰጥታችኋል ወይ፣ ከሰጣችሁስ ለምን ያህልና እስከ መቼ ነው የሚለው ነው።

1. ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ወረቀት ሰብስቡ

መጀመሪያ የሂሳብ መግለጫ አውጡ። የአንድ ወር ብቻ አይበቃም። ያለፈው ዓመት አረቦን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ) የተቆረጠበት ቀን እንዲገባ አድርጋችሁ ረዘም ያለ ጊዜ ጠይቁ። ማህተም ይኑረው። የስልክ መልእክቱንም ፎቶ አንሱት፤ ስልክ ይጠፋል።

ቀጥሎ የብድር ውሉንና የመያዣ ውሉን ፈልጉ። ስለ ኢንሹራንስ የሚያወራውን አንቀጽ አንብቡ። «ተበዳሪው በየዓመቱ ያድሳል፤ ካላደሰ ባንኩ አድሶ ወጪውን ከተበዳሪው ሂሳብ ይቀንሳል» የሚል ዓይነት ቃል ካገኛችሁ ባንኩ መሠረት አለው ማለት ነው። ያኔ ክርክራችሁ ስለ መታደሱ ሳይሆን ስለ መጠኑና ስለ አካሄዱ ይሆናል። እንዲህ የሚል ቃል ከሌለ ግን እጃችሁ ጠንካራ ነው።

ሦስተኛው ራሱ ፖሊሲው ነው። የፊት ገጹን ሠንጠረዥ፣ ኋላ የተጨመሩ ማሻሻያዎችን (ኢንዶርስመንት የሚሏቸውን) እና የአረቦን ደረሰኙን ያዙ። ብዙ ሰው ፖሊሲውን አይቶት አያውቅም፤ ባንኩ ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ኮፒ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ውሉ የእናንተ ነው፣ ገንዘቡም የእናንተ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፖሊሲውና የባንኩ መግለጫ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊጻፉ ይችላሉ፤ የእናንተ ደብዳቤ ደግሞ በእኛ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፋችሁ ያዙ፤ የፈረንጁን «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ለዩት።

2. ያደሰው ማን እንደሆነ ለዩ

ባንኩ ወደ ኢንሹራንሱ ይልካችኋል፣ ኢንሹራንሱ ወደ ባንኩ ይመልሳችኋል። ከጃንተከል ዋርካ ሥር ተቀምጣችሁ ቡና ጠጥታችሁ እስክትነሱ ድረስ ኃላፊነቱ ሁለት ጊዜ ቦታ ይቀይራል። ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ፦ «የእድሳት ጥያቄውን ያቀረበው ማን ነው? በምን ደብዳቤ? በስንት ቀን?»

ባንኩ ለኢንሹራንሱ የጻፈው የእድሳት ደብዳቤ ካለ፣ ያደሰው ባንኩ ነው። ደብዳቤ ሳይኖር ኢንሹራንሱ በራሱ አድሶ ሂሳቡን ለባንኩ ከላከ፣ ጥያቄው ለሁለቱም ነው፦ ኢንሹራንሱ ማን ጠየቀው? ባንኩስ በማን ትእዛዝ ከፈለ? በኤጀንት ወይም በብሮከር በኩል የገባችሁ ከሆነ ደግሞ እሱ ምን ብሎ እንዳስፈረማችሁ አጣሩ። ውጭ አገር ሆናችሁ ቤታችሁን በውክልና የምታስተዳድሩ ከሆነ ወኪላችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። እህት ወይም አጎት በቅን ልቦና ፈርመው ይሆናል። ይህን ባንክ ፊት ከመስማት ቤት ውስጥ መስማት ይሻላል።

3. የእናንተ ጉዳይ የትኛው ነው?

«ያለአግባብ ተቆረጠብኝ» ብቻውን አያሸንፍም። ምክንያታችሁን ለይታችሁ ያዙ።

*ብድሩ አልቋል።* በቀላሉ የሚረታው ይህ ነው። አዘዞ ያሉ አንዲት መምህርት ብድራቸውን ከፍለው ጨርሰው፣ ከዕዳ ነፃ የሚል ደብዳቤ ወስደው፣ እገዳው ተነስቶ ካርታቸውን ተረክበው ነበር። ደመወዛቸው የሚገባው ግን በዚያው ባንክ ነው። በዓመቱ አረቦን ተቆረጠባቸው። የብድር ክፍሉ ፋይሉን ሲዘጋ ለኢንሹራንሱ የነገረ ሰው አልነበረም። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጡ፦ ነፃ የተባሉበትን ደብዳቤና ከእሱ በኋላ የተቆረጠበትን መግለጫ። ክርክሩ ከዚያ አላለፈም።

*ሁለት ጊዜ ተገብቶብኛል።* ራሳችሁ አድሳችሁ ባንኩም ደግሞ አድሶ ይሆናል። የንብረት ኢንሹራንስ ከደረሰው ጉዳት በላይ አይከፍልም፤ ስለዚህ ሁለተኛው አረቦን ምንም አይጨምርላችሁም። ግን ማስረዳት ያለባችሁ ሁለት ነገር አለ። የእናንተ ፖሊሲ ክፍተት ሳይኖረው ከአሮጌው ማብቂያ ቀን የጀመረ መሆኑን፣ እና ኮፒውን ለባንኩ በጊዜ ማስገባታችሁን። ኮፒውን መሳቢያ ውስጥ ካስቀራችሁት ባንኩ «በምን ልወቅ?» ይላል፤ እውነቱን ነው።

*ዋጋው ጨመረ።* አረቦን የሚሰላው ቤቱ በተገመተበት ገንዘብ ላይ ነው። ግምቱን ማን አሳደገው? የግንባታ ዕቃ ስለተወደደ ነው ይሏችኋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን ለብድር የወጣው ግምት እንዳለ ወደ ፖሊሲው ገብቶ እንዳይሆን ተመልከቱ። ፒያሳ አጠገብ ያለ ቤት በቦታው ምክንያት ውድ ነው። ቦታ ደግሞ አይቃጠልም። ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው ሕንፃውን መልሶ ለመሥራት የሚፈጀው ገንዘብ ብቻ ነው።

የቤቱንም አገላለጽ አንብቡት። ድሮ የጭቃ ቤት የነበረውን አፍርሳችሁ በብሎኬት ሠርታችሁ ይሆናል፤ እድሳቱ ግን ከአሮጌው ፋይል የተገለበጠ ነው። ለእሳት የሚጋለጥ ግድግዳ ተመኑ ከፍ ይላል። በተቃራኒው፣ በመንገዱ በኩል ዳቦ ቤት ከፍታችሁ ከሆነ ያንንም መናገር አለባችሁ። የሚጠቅማችሁን ብቻ ነግራችሁ የቀረውን ከደበቃችሁ፣ አደጋ በደረሰ ቀን ካሳው ይከለከላል።

ግምቱን ለማስቀነስ ስትከራከሩም ልክ ይኑራችሁ። ለመሥራት 4 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ቤት በ2 ሚሊዮን ቢገባ፣ የ600,000 ብር ጉዳት ሲደርስ የሚከፈላችሁ 300,000 ነው። ግማሹን ያስገባ ግማሹን ያገኛል።

*ያልጠየቅሁት ሽፋን ተጨመረ።* መሠረታዊው የእሳት ፖሊሲ ላይ ጎርፍ፣ ስርቆት፣ የፖለቲካ ግጭትና ሽብር የሚባሉ ሽፋኖች በተጨማሪ አረቦን ይታከላሉ። የእያንዳንዱን ዋጋ ለየብቻ አስጽፉ። ያልተስማማችሁበትን የማስወጣት መብት አላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን የግጭቱን ሽፋን ለማስወጣት አልቸኩልም። መሠረታዊው ፖሊሲ ሁከትና ግጭት ያመጣውን ጉዳት ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፤ ያለንበትን ጊዜ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

*ቤቱ ተሽጧል።* የሽያጭ ውሉንና ስመ ንብረቱ የዞረበትን ማስረጃ አያይዙ። በቃ።

4. ሕጉ ምን ይላል?

ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ጥቂት አንቀጾች ብቻ በእጃችሁ ይኑሩ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። ይሁን እንጂ ቁጥር 1684 አለ፤ ሌላኛው ወገን የሚያነሳውም እሱን ነው። ቀድሞ የነበረ ውል ይቀጥል የሚል ሐሳብ የቀረበለት ሰው በተገቢው ጊዜ እምቢ ካላለ እንደተቀበለ ሊቆጠር ይችላል። ግን ሐሳቡ «ካልመለስክ እንደተስማማህ ይቆጠራል» ብሎ በሚያስታውቅ ልዩ ጽሑፍ የቀረበ መሆን አለበት። እንግዲህ የምትጠይቁት ይህንኑ ነው፦ «ያ ጽሑፍ የት አለ? መቼ ደረሰኝ?» ካሳዩአችሁ ክርክራችሁ ይደክማል። ካላሳዩአችሁ ይጠነክራል።

ቁጥር 2164 ደግሞ የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ብድር ላለቀበትና ሁለት ጊዜ ለከፈለ ሰው ይህ ቁጥር ወርቅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1243 ተሽሯል የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። በከፊል ልክ ነው። የኢንሹራንስ ክፍሉ ግን አልተሻረም፤ ዛሬም ይሠራል። እዚያው ውስጥ ቁጥር 674 ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይታገዳል ይላል። የሦስትና የአራት ዓመት ቁርጥ አንድ ላይ ካገኛችሁ ዛሬ ነገ አትበሉ።

5. ደብዳቤውን ጻፉ

በቃል የተነገረ ቅሬታ መስኮቱ ላይ ይቀራል። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ቁጣውን አውጥታችሁ ቁጥሩን አስገቡ። እንዲህ ዓይነት ነገር፦

ቀን፦ ………
ለ……… ባንክ፣ ……… ቅርንጫፍ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ያለፈቃዴ ለታደሰ የቤት ኢንሹራንስ የተቆረጠ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በጎንደር ከተማ ……… ክፍለ ከተማ፣ የቤት ቁጥር ……… የሆነው ቤት ባለቤት ስሆን፣ በቀን ……… (እ.ኤ.አ. ………) ከሂሳብ ቁጥሬ ……… ብር ……… ለኢንሹራንስ እድሳት በሚል ተቆርጧል። እድሳቱን አልጠየቅሁም፤ ከእድሳቱ በፊትም በጽሑፍ የደረሰኝ ማስታወቂያ የለም። (ምክንያታችሁ እዚህ ይግባ፤ ብድሩ በቀን ……… ተከፍሎ አልቋል፣ ወይም በራሴ በኩል በፖሊሲ ቁጥር ……… ታድሷል።)

ስለዚህ፦
ሀ) እድሳቱ የተጠየቀበት ደብዳቤና እኔ ፈቃድ የሰጠሁበት ሰነድ ኮፒ እንዲሰጠኝ፣
ለ) የተቆረጠው ገንዘብ በሙሉ ወደ ሂሳቤ እንዲመለስ፣
ሐ) ከዚህ በኋላ ያለ ጽሑፍ ፈቃዴ ተመሳሳይ ቁርጥ እንዳይፈጸም እጠይቃለሁ።
መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ግልባጭ፦ ለ……… ኢንሹራንስ፣ ጎንደር ቅርንጫፍ

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አረቦኑ ከቁጠባ ሂሳባችሁ ሳይሆን ከብድሩ ላይ ተደምሮ ከሆነ ወለድ እየወለደ ነው፤ «ከነወለዱ እንዲስተካከል» ብላችሁ ጨምሩ። ሁለተኛው፣ እድሳቱን ከመጀመሪያው የማትቀበሉት ከሆነ «ይሰረዝልኝ» ብላችሁ አትጻፉ። ስረዛ የጠየቀ ሰው ውሉን ተቀብሎ መሐል ላይ እንደተወው ይቆጠራል፤ ሂሳቡም በዚያው ይሠራል። ልዩነቱን ከታች ታዩታላችሁ።

6. አስገቡ፣ ማህተም አስመቱ

ሦስት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ለባንኩ፣ አንዱ ለኢንሹራንሱ፣ አንዱ ለእናንተ። በእናንተው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ሳይመታ ከመዝገብ ቤት አትውጡ። «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ» ቢሏችሁ፣ ደብዳቤ ለመቀበል ሥራ አስኪያጅ አያስፈልግም። በትሕትና ንገሯቸው፤ ግን አትነቃነቁ።

7. የሚሰጧችሁን መልስ አስቀድማችሁ እወቁ

«ቤቱ ቢቃጠል ኖሮ ካሳ ትጠይቁ አልነበር?» ይሏችኋል። ኢንሹራንሱ አደጋውን ተሸክሞ ቆይቷል ማለታቸው ነው። ውኃ የሚያነሳ ክርክር ነው፤ በተለይ ብዙ ወራት ዝም ካላችሁ። በቶሎ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በዚያው ዘመን ካሳ ጠይቃችሁበት ከሆነ ደግሞ እድሳቱን አልተቀበልኩም ማለት አትችሉም።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው አማራጭ «የቀረውን ዘመን እንመልስላችሁ» የሚል ነው። ሂሳቡን በምሳሌ እንየው። ዓመታዊ አረቦኑ 7,300 ብር ነው እንበል። በቀን 20 ብር ይሆናል። በ45ኛው ቀን ብታስቆሙት በቀን ስሌት 900 ብር ተጠቅማችኋል፤ 6,400 ይመለሳል። ነገር ግን ደንበኛው ራሱ ሲያቋርጥ ብዙ ፖሊሲዎች በቀን አያሰሉም። የአጭር ጊዜ ተመን የሚባል ሠንጠረዥ አላቸው። ሠንጠረዡ እስከ ሁለት ወር 40 በመቶ ይቀራል ቢል 2,920 ብር ይቀርባችኋል፤ የምታገኙት 4,380 ብቻ ነው። የ2,020 ብር ልዩነት የመጣው በደብዳቤው ላይ በጠየቃችሁት ነገር ምክንያት ነው። መደራደር ካስፈለገ እንኳ ከሙሉው ተነስታችሁ ወደ ቀን ስሌቱ ውረዱ። በአጭር ጊዜ ተመን አትጀምሩ።

ገንዘቡን ስትቀበሉ የሚያስፈርሟችሁን አንብቡ። «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ካለበት፣ የቀረ ጥያቄ በእርግጥ እንደሌላችሁ አረጋግጣችሁ ፈርሙ።

8. መልስ ከጠፋ

ቅርንጫፉ ከተኛበት ወደ ዲስትሪክቱ፣ ከዚያ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል ውጡ። ማህተም የተመታበትን ኮፒ አያይዙ። ባንኮችንም ኢንሹራንሶችንም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን መብት የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል፤ ተቋማቱ ቅሬታ ተቀብለው መልስ የሚሰጡበት አሠራር እንዲኖራቸው ግድ ይላል። መጀመሪያ ለተቋሙ አመልክታችሁ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ወደዚያ መጻፍ ትችላላችሁ። «ግልባጭ፦ ለብሔራዊ ባንክ» የሚል መስመር በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ሲታይ የተኛ ፋይል የሚነቃበት ጊዜ አለ።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። ባንክና ኢንሹራንስ በፌዴራል ደረጃ የተመዘገቡ ስለሆኑ የሥልጣን ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ ብላችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይሠራል። ከመክሰሳችሁ በፊት የዳኝነት ክፍያውንና የጠበቃውን ወጪ ከሚመለሰው ገንዘብ ጋር አነጻጽሩ። አቅም ከሌላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

9. እስከዚያው የማይደረጉ ነገሮች

እንዳይቆርጡብኝ ብላችሁ ሂሳቡን ባዶ አታድርጉ። ብድር ካለባችሁ ወርሃዊ ክፍያው ያልፍና ቅጣት ይከተላል። ለቁርጡ የተጣላችሁ ሰዎች በሌላ በኩል ባለዕዳ ትሆናላችሁ።

ብድር ላይ እያላችሁ ሌላ ፖሊሲ ሳትይዙ አሮጌውን አታስቁሙ። ባንኩ ውል አፍርሳችኋል ይላል፤ ቤቱም ያለ ዋስትና ያድራል። መጀመሪያ ከመረጣችሁት ኢንሹራንስ ዋጋ አስጽፉ፣ ባንኩ እንደሚቀበለው በጽሑፍ አረጋግጡ፣ የባንኩ ስም እንዲገባበት አድርጉ፣ ከዚያ አሮጌውን አስቁሙ።

ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ፖሊሲው ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረው አጭር ደብዳቤ አስገቡ። «ፖሊሲ ቁጥር ……… በቀን ……… ሲያበቃ ያለ ጽሑፍ ፈቃዴ እንዳይታደስ» ይበል፤ ለባንኩም ለኢንሹራንሱም፣ በማህተም። የማብቂያ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ከካርታው ኮፒ ጋር ባለው ፖስታ ላይ በትልቁ ጻፉት።